ከቦሌ እስከ ደለስ

ልጁን ወይም የትዳር ጓደኛውን በቦሌ በር ሸኝቶ የማያውቅ ቤተ ሰብ ዛሬ በመካከላችን ጥቂት ነው። ሸኝተው ሲመለሱ ሥራው ሰዓት መቁጠር ይሆናል፤ «አሁን የት ደርሰው ይሆን?» ይባባላሉ። ተጓዧ አራስ ልጃቸውን ለመንከባከብ ወደ ዋሽንግተን የሚሄዱ፣ አውሮፕላን ተሳፍረው የማያውቁ እናት ከሆኑ ደግሞ ጭንቀቱ እጥፍ ነው።

ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ ሲለካ ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ነው። መሄዱና መመለሱ ግን እኩል አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከደለስ ተነሥቶ የትም ሳያርፍ ቦሌ ለመድረስ ወደ 13 ሰዓት ይወስድበታል። በመሄጃው ግን በመካከል የሚያርፍበት ጊዜ ተጨምሮ ከ16 ሰዓት ያልፋል።

ብዙ ሰው ምክንያቱ ነፋስ ነው ይላል። ትክክል ነው፤ በአውሮፕላኑ ከፍታ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ብርቱ ነፋስ ተመላሹን ከኋላ ይገፋዋል፣ ሂያጁን ከፊት ይገጥመዋል። ሌላው ምክንያት ያለው ግን እዚሁ ቦሌ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል 2,334 ሜትር ከፍ ይላል፤ ደለስ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉ እንደ ልቡ አይነሣም፣ የሞተሩም ጉልበት ይቀንሳል። ሰውና ሻንጣ ሞልቶ፣ በዚያ ላይ ለመንገዱ ሁሉ የሚበቃ ነዳጅ ጭኖ መነሣት ይከብዳል። ስለዚህ ነዳጁን ቀነስ አድርጎ ይነሣና መንገድ ላይ ይቀዳል፤ ቀድሞ ሮም፣ በኋላም ደብሊን ላይ። ያ የምንወደው ቀዝቃዛ የአዲስ አበባ አየር የመጣው ከዚሁ ከፍታ ነው።

እንግዲህ እናታችሁን ስትሸኙ ይህን አስቀድማችሁ ንገሯቸው። አውሮፕላኑ ለነዳጅ ሲያርፍ «ደረስን» ብለው ቦርሳቸውን ይዘው የሚነሡ እናቶች አሉ። ረጅም ሰዓት መቀመጥ ለእግር ደም ዝውውር ስለማይበጅ በየመሐሉ ተነሥተው ይንቀሳቀሱ፤ ውኃም ይጠጡ። ትኬቱ ሲቆረጥ ተሽከርካሪ ወንበር ይጠየቅላቸው። ቋንጣውን ግን ተዉት፤ የአሜሪካ ጉምሩክ ሥጋ አያስገባም።

ተለያይተው ለሚኖሩ ባለትዳሮች ደግሞ ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ የሚከብደው የሰዓቱ ልዩነት ነው። አዲስ አበባ በበጋቸው በ7፣ በክረምታቸው በ8 ሰዓት ትቀድማለች። ሚስት ልጆቿን አስተኝታ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ስልኩን ስታነሣ ባል ገና ከቀትር በኋላ ሥራ ላይ ነው። እርሱ ከሥራ ገብቶ አረፍ ሲል እዚህ ሌሊቱ 7 ሰዓት ሆኗል። አንዱ እንቅልፉን ካልሰዋ በሥራ ቀን መነጋገር አይቻልም፤ የሚሰዋውም ሁልጊዜ ያው አንዱ ከሆነ ቅሬታ ይገባል። በተራ ይሁን። እሑድ ግን ለሁለቱም ይመቻል፤ እዚያ ከጉባኤ ሲወጡ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ፣ እዚህ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፤ ልጆቹም አልተኙም። በእኛ ጥቅምት ማለቂያ ላይ አሜሪካኖች ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ስለሚመልሱ ያ ስልክ ከምሽቱ 3 ሰዓት ይመጣል፤ እስከ መጋቢት መግቢያም እንዲሁ ይቆያል። ልጆቹ በዚያ ሰሞን እሑድ እሑድ አንድ ሰዓት አምሽተው ይተኙ።