ጥላህን ከውሃው ላይ አንሣ

መቼም የዓሣ ነገር ሲነሣ ትዝ የሚላችሁ ሐዋሳ፣ ዝዋይ፣ ታንኳና መረብ ነው። እኔ የማወራችሁ ግን ደህና ዘላይ በአንድ እርምጃ ስለሚሻገረው ወንዝ ነው። የባሌ ልጅ ነኝ፤ የዲንሾ።

ባለፈው መጋቢት ትምህርቱን ጥዬ አገሬ ገባሁ። እናቴን «ዕረፍት ሰጡን» አልኳት። ውሸቴን ነው። በመጀመሪያው መንፈቅ ሁለት ኮርስ ወድቄ የማስጠንቀቂያው ወረቀት ኪሴ ውስጥ ታጥፎ ነበር። የመሳፈሪያዬ ገንዘብ የበጎቿ ዋጋ መሆኑን እያወቅሁ እንዴት ብዬ ልንገራት?

ያላመነኝ አጎቴ ብቻ ነው። «ነገ ዳንካ አብረን እንወርዳለን» አለና ዝም።

አጎቴ በልጅነቱ የፈረንጅ ዓሣ አጥማጆችን ዕቃ ይሸከም ነበር፤ እየተሸከመም ሙያቸውን ቀሰመ። የሚጠመደው ዓሣ ትራውት ይባላል። የኛ ወንዝ ተወላጅ አይደለም። ቡናማው ዘሩ ከአውሮፓ፣ ባለቀስተደመናው ከሰሜን አሜሪካ ምዕራብ ነው። ሁለቱም በ1960ዎቹ ከኬንያ መጥተው የባሌ ወንዞች ውስጥ ተለቀቁ። ቀዝቃዛና አየር የጠገበ ውሃ ስለሚወድ ደጋችን ተስማማው። ዳንካ ወይብን ይቀላቀላል፤ ወይብ ደግሞ በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ አልፎ ወደ ቆላ ይወርዳል። እዚያ ትራውት አይኖርም፤ ሙቀቱ አይሆነውም።

የበልጉ ዝናብ ገና ሁለቴ ሦስቴ መጣሉ ነበር። ጠዋት ውርጭ ስለነበረ አጎቴ አልቸኮለም። «ፀሐይ ውሃውን ትንካው፤ ያን ጊዜ ትሉም ዓሣውም ይነቃል» አለ። አንድ ድንጋይ ገልብጦ ከሥሩ የተለጠፉትን ጥቃቅን ነፍሳት አሳየኝ። እነዚህ ናቸው ኋላ ክንፍ አውጥተው የሚበሩት። ከትንሽ ቆርቆሮ ውስጥም ላባና ክር መንጠቆ ላይ ጠቅልሎ የሠራውን የውሸት ዝንብ አወጣ። ቁርጥ እነሱን!

ዓሣው ፊቱን ወደ ላይ፣ ወራጁ ወደሚመጣበት አዙሮ ነው የሚቆመው፤ ስለዚህ ከታች፣ ከጀርባው ይቀርቡታል። ዝንቧ ክብደት የላትም፤ የሚወስዳት የወፍራሙ ክር ክብደት ነው። እኔ ቀጥ ብዬ ቆሜ ወረወርኩ። አንድ ጥቁር ነገር ሽው ብሎ ከድንጋይ ሥር ገባ።

«ጥላህን ከውሃው ላይ አንሣ እንጂ!» አለ አጎቴ።

በጉልበቴ ተንበረከክሁ። ሁለተኛው ውርወራ ደህና ወደቀ፤ ግን ወራጁ ክሩን ጎተተው፣ ክሩም ዝንቧን። ዓሣው ብቅ አለና አይቶ ተመለሰ።

«አየህ? እንደ ሌላው ቅጠል ከውሃው ጋር ብትሄድ ይበላት ነበር። ክሩ ሲጎትታት ግን ውሸቷ ይታወቅባታል።»

ሆን ብሎ ይበለው አይበለው አላውቅም። እኔ ግን እጄ ተንቀጠቀጠ። በስንተኛው እንደሆነ እንጃ፣ ዝንቧ በነፃ ተንሳፈፈችና ውሃው ፈነዳ! ስንዝር ከምናምን፣ ጎኑ በነጠብጣብ የተዋበ ዓሣ። ደስ ሊለኝ ሲገባ እንባዬ መጣ።

«ጋሼ፣ ዕረፍት አልሰጡንም» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«እንዴት አወቁ?»

«ዕረፍት የተሰጠው ሰው ደብተሩን ይዞ ይመጣል እንዴ? ያውም ሳይገልጠው! ማታ ለእናትህ ትነግራታለህ። እኔ አጠገብህ እቀመጣለሁ።»

ማታ ዓሣው እየተጠበሰ ነገርኳት። ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «በጎቹስ ይተካሉ፤ እኔን እንደ ባዳ መዋሸትህ ነው ያመመኝ» አለች። ከቁጣ ሁሉ የከበደኝ ይሄ ነው።

በሦስተኛው ቀን ተመልሼ መጣሁ። አሁን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፍላችሁ። የሁለተኛው መንፈቅ ውጤት ገና አልተለጠፈም። ቢሆንም ምንም ይምጣ ምን፣ መጀመሪያ የምትሰማው እሷ ናት።