ከዳንግላ እስከ እንጅባራ

በግንቦት ወር አንድ ቀን ጠዋት ከዳንግላ ወደ እንጅባራ ተጓዝን። ዳንግላ ላይ ፀሐይ ነበር። አዲስ ቅዳም ስንደርስ ነፋሱ በረታ፤ ባሕር ዛፉ ጎንበስ ቀና አለ። እንጅባራ ስንገባ ዝናቡ ወረደብን። ጋቢ አለመያዛችን ቆጨን።

ምክንያቱ ይኸውና። ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣ እርጥብ ነፋስ ደጋውን ሲወጣ ይቀዘቅዛል። ሲቀዘቅዝ ደመና ይሆናል፤ ይዘንባል። ዳንግላ ከፍታዋ 2100 ሜትር ገደማ ነው። እንጅባራ ግን ከ2500 ሜትር ታልፋለች።

ማታ ራዲዮ ከፈትን። ነገ በጥቂት ቦታዎች ዝናብ ይኖራል ተባለ። ላሳደሩን እናት፣ «እማማ፣ ነገ አይዘንብም» አልናቸው። አምነውን ለወፍጮ ያጠቡትን ገብስ ደጅ አሰጡት። ከቀትር በኋላ ዶፉ ወረደ! ተሯሩጠን ብናነሳም ግማሹ ራሰ።

«ጥቂት ቦታ ያላችሁት የኔን ደጅ ነዋ!» አሉን።

እውነታቸውን ነው። «በጥቂት ቦታዎች» ማለት አይዘንብም ማለት አይደለም። የት እንደሚዘንብ ለይቶ አይነግርም። «በብዙ ቦታዎች» ከተባለማ እህል ባይሰጣ ይሻላል። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ደግሞ ቤት ግቡ፤ ዛፍ ሥር አትጠለሉ።

በማግሥቱ ገብሱ እንደገና ተሰጣ። እኛም ሰማዩን ስንጠብቅ ዋልን።