ሞቄሽ

በፖለቲካችን «ወጥመድ» የማይባል ነገር የለም። ገዥው በጠላት ወጥመድ፣ ተቃዋሚው በገዥው ወጥመድ ያመካኛል። እኔ ግን ብሉይ ኪዳን በዕብራይስጥ «ሞቄሽ» የሚለውን ቃል ባሰብኩ ቁጥር አጥማጁን በሩቅ መፈለግ ያሳፍረኛል።

ቃሉ የወፍ አጥማጅ ቃል ነው። በዛሬው ዕብራይስጥ ደግሞ የተቀበረ ፈንጂ ሞቄሽ ይባላል። ሁለቱም የሚይዙት መሬቱን አምኖ የሚራመደውን ነው።

ሳኦል ሜልኮልን ለዳዊት ሊድርለት የወደደው ሞቄሽ ትሆንበት ዘንድ ነበር (1ኛ ሳሙኤል 18፥21)። ይህ ባላንጣ የዘረጋው ነውና ዳዊት አመለጠ። እኔን የሚያስፈራኝ ግን የጌዴዎን ታሪክ ነው (መሳፍንት 8)። ድል አድርጎ ሲመለስ ሕዝቡ «ግዛን» ቢለው እምቢ አለ። ወዲያው ግን ከምርኮው የወርቅ ጉትቻ ለመነ፤ 1,700 ሰቅል ተሰበሰበለት፤ ኤፉድም አሠራበት። ሕዝቡ ኤፉዱን ተከትሎ ሳተ፤ ለጌዴዎንና ለቤቱም ሞቄሽ ሆነ። እርሱ ከሞተ በኋላ ልጁ አቤሜሌክ ስለ ሥልጣን ወንድሞቹን በአንድ ድንጋይ ላይ አረዳቸው፤ ትንሹ ኢዮአታም ብቻ ተሸሽጎ ተረፈ።

ልብ በሉ፤ ጌዴዎንን ያጠመደው ምድያማዊ አልነበረም። ዙፋኑን የናቀው ጀግና በገዛ ሐውልቱ ተያዘ፤ ዕዳውንም ልጆቹ ከፈሉ።

ስለዚህ አንድ ታጋይ «ሥልጣን አልሻም» ሲል ለማጨብጨብ አልቸኩልም። በዚያው ቀን ከሕዝቡ ምን እንደ ለመነ አስቀድሜ እጠይቃለሁ። እናንተም ጠይቁ፤ ጉትቻውን የምንሰጠው እኛ ነንና።

ቸር ይግጠመን።