በግራ በኩል ያለው በተን

ነፃ ሶፍትዌር ስጠቀምና ሳስተምር ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ሁለቱ ትልልቅ የሊኑክስ ዴስክቶፖች፣ ኬዲኢና ግኖም፣ ለተጠቃሚው ሲሉ አንድ የጋራ መመሪያ ይኑራቸው ወይስ አይኑራቸው የሚለው ክርክር በተነሳ ቁጥር ልቤ ከ"ይኑራቸው" ጋር ነው። ደንቡ ከየት መጀመር እንዳለበት ግን የተማርኩት ከተማሪዎቼ ነው።

ኬዲኢ በ1996፣ ግኖም በ1997 ተጀመሩ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ግኖም የተጀመረው ኬዲኢ የተሠራበት ኪውት የሚባለው የፕሮግራም መሥሪያ በጊዜው ሙሉ በሙሉ ነፃ ስላልነበረ ነው። የፈቃዱ ችግር በኋላ ተፈታ፤ እስከዚያው ግን ሁለቱም የየራሳቸውን ልማድ ይዘው አድገዋል። በ2002 ግኖም 2.0 ሲወጣ ፕሮጀክቱ የራሱን የዲዛይን መመሪያ አሳተመ። በመመሪያው መሠረት ሥራውን የሚፈጽመው በተን በቀኝ ጫፍ ይቀመጣል። ኬዲኢ ግን እንደ ዊንዶውስ "እሺ"ን አስቀድሞ "ሰርዝ"ን በቀኝ መጨረሻ ላይ ያደርጋል።

ይህን የጣዕም ጉዳይ ነው የሚሉ አሉ። እኔ በማስተምርበት ክፍል ከፊሎቹ ኮምፒዩተሮች ኩቡንቱ፣ ከፊሎቹ ኡቡንቱ ተጭኖባቸው ነበር፤ ማለትም ግማሹ ኬዲኢ፣ ግማሹ ግኖም። ከተማሪዎቼ አንዱ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ፤ የሰፈራቸው እድር ጸሐፊ። የለመዱት በኬዲኢ ነው። አንድ ቀን የለመዱት ኮምፒዩተር ተይዞ ስለነበር ግኖም ባለበት ተቀምጠው የእድሩን መተዳደሪያ ደንብ ሲጽፉ ዋሉ። ጨርሰው ሊዘጉት ሲሉ የተለመደው ጥያቄ መጣ። በኬዲኢ መልሶቹ ከግራ ሲጀምሩ "ሴቭ አድርግ"፣ "አታስቀምጥ"፣ "ሰርዝ" ናቸው። በግኖም ደግሞ ያኔ ከግራ የመጀመሪያው "ሴቭ ሳታደርግ ዝጋ" ነበር፤ "ሴቭ አድርግ" ያለው በቀኝ ጫፍ ነበር።

"ጋሼ፣ የትኛውን ነኩት?"

"ያው ሁልጊዜ የምነካውን ነዋ ልጄ፣ የመጀመሪያውን።"

የጻፉት ሁሉ ጠፋ። ከዚህ በላይ ያሳዘነኝ ራሳቸውን መውቀሳቸው ነው፤ "እኔ አርጅቻለሁ፣ ይህ ነገር አይሆነኝም" አሉ። እሳቸው ግን የተማሩትን በትክክል ነበር ያደረጉት። የግኖም መመሪያ በተኖች ላይ "እሺ" ከማለት ፈንታ ድርጊቱን የሚገልጽ ቃል ይጻፍ ይላል፤ ጥሩ ደንብ ነው፣ እኔም አስተምረዋለሁ። ሆኖም የለመደ እጅ አያነብም፤ ቦታውን ያውቃል፣ ይሄዳል።

ከዚያ በኋላ ስምምነት የተገኘባቸውን ነገሮች በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። በ2000 ሃቮክ ፔኒንግተን የመሠረተው ፍሪዴስክቶፕ ዶት ኦርግ የተባለው ፕሮጀክት ሁለቱን ወገኖች ያቀራረበው ከሥር ባሉ ትንንሽ ነገሮች ነው። የፕሮግራሙ ደራሲ አንዲት አጭር ፋይል ይጽፋል፤ ፕሮግራሙ በሁለቱም ዴስክቶፖች ሜኑ ውስጥ ይታያል። በአንዱ የተሰረዘ ፋይል በሌላውም ቅርጫት ውስጥ ይገኛል። በ2005 የተጀመረው የታንጎ ፕሮጀክት ደግሞ አይከኖች የጋራ ስም እንዲኖራቸው አገዘ፤ ሥዕሉ ቢለያይም ስሙ አንድ ነው። በ2021 "ተጠቃሚው ጨለማ ገጽታ ይመርጣል" የሚለው ምርጫ በአንድ የጋራ ቅንብር እንዲተላለፍ ኬዲኢ፣ ግኖምና ኤለመንተሪ የተባለው ሌላ የሊኑክስ ፕሮጀክት ተስማሙ። እነዚህ ሁሉ የጸኑት ኮድ ሊፈጽማቸው የሚችላቸው፣ የማንንም መልክ የማይነኩ ደንቦች ስለሆኑ ይመስለኛል። ስለ ውበትና ስለ ፍልስፍና የተጻፉት ረጃጅም መመሪያዎች ግን ዛሬም በየቤታቸው ናቸው።

የበተኖቹስ ነገር? ኪውት በ2006 በ4.2 እትሙ ብልህ መንገድ አበጀ፦ ፕሮግራመሩ የእያንዳንዱን በተን ሚና ብቻ ይናገራል፤ ቅደም ተከተሉን ዴስክቶፑ እንደ ዊንዶውስ፣ እንደ ማክ፣ እንደ ኬዲኢ ወይም እንደ ግኖም አድርጎ ይደረድራል። በዚህም አንድ ፕሮግራም የገባበትን ቤት ልማድ ያከብራል። ከቤት ወደ ቤት የሚሄደው ሰው ግን አሁንም ችግር ላይ ነው። እዚህ ላይ አንዱ ወገን ልማዱን መተው ነበረበት፤ አልተወም።

መተው እንደሚቻል አይቻለሁ። ኬዲኢ ለረጅም ዓመታት ፋይልን በአንድ ክሊክ ይከፍት ነበር፤ ብዙ ወዳጆቹም ይኮሩበት ነበር። በየካቲት 2024 ፕላዝማ 6 ሲወጣ መነሻ ቅንብሩ ወደ ሁለት ክሊክ ተለወጠ፤ ከሌላ ቦታ የሚመጣው አብዛኛው ሰው የለመደው ይህንን ነውና። አንድ ክሊክ የሚወድ ቅንብሩን መልሶ ያገኘዋል። ይህ ውሳኔ ለእኔ ከብዙ ገጽ መመሪያ ይበልጣል።

የጋራ ደንብ መጀመር ያለበት የሰው ሥራ ሊጠፋ ከሚችልበት ቦታ ነው። ቀለሙ፣ የመስኮቱ ጠርዝ፣ ሜኑው የሚቀመጥበት ቦታ ቢለያይ ሰው ይለምደዋል፤ ሴቭ ሳይደረግ የጠፋ ጽሑፍ ግን አይመለስም። ስለዚህ ፕሮግራም የምትጽፉ ወጣቶች፣ የሁለቱንም መመሪያዎች አንብቡ፤ በተኖችን በእጃችሁ አትደርድሩ፣ ሚናቸውን ተናገሩና ለመሥሪያው ተዉለት። ከሁሉም በላይ የተጠቃሚውን ጽሑፍ ሳትጠይቁት በየጊዜው አስቀምጡለት፤ ያኔ የትኛውንም በተን ቢነካ የጻፈው አይጠፋበትም።