የነነዌ ጎረቤት በቆራጣ

ከአንበሳሜ ወደ ጣና ዳር የወረደ መንገደኛ የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ስም ከሚጠራባት ከቆራጣ ይደርሳል። በዚህች ስፍራ የነነዌ ጎረቤት ሰንብቶባት ነበር ቢሉት ማን ያምናል? ነገሩ ግን እውነት ነው። የእንግሊዝ ንግሥት ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ የላከችው ሆርሙዝድ ራሳም የተወለደው በሞሱል፣ ከነነዌ ፍርስራሽ ማዶ ነው። ዮናስ የሰበከባትን ከተማ አፈር ቈፍሮ፣ የአሦርን ንጉሥ የአሹርባኒፓልን የሸክላ መጻሕፍት በ1846 ዓ.ም. ያወጣ እርሱ ነው። በ1858 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም በቆራጣ ተቀምጦ ሳለ ንጉሡ የወዳጅነት ደብዳቤ ይጽፉለት ነበር። ፋሲካ እንዳለፈ ግን በሚያዝያ በዘጌ ተያዘ፤ ወደ መቅደላም ተወስዶ በእግር ብረት ታሰረ። ለነነዌ ሰዎች በሦስት ቀን የወረደ ምሕረት ለሞሱሉ ሰው ሁለት ዓመት ዘገየ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ተፈትቶ ወደ እንግሊዝ አገር ተመለሰ፤ ከዓመታት በኋላም ወደ ነነዌ ቍፋሮው ተመለሰ።