ልብስ የሚመረጠው በመድረሻው ነው

ቃሊቲ የአዲስ አበባ የባሕር በር ነው ብል የሚስቅብኝ አይጠፋም። ይሁን እንጂ እስከ 1990 ዓ.ም. ከአሰብ፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ከጅቡቲ ወደብ ዕቃ የጫኑ ከባድ መኪኖች ወደ ከተማው ሲገቡ የኖሩት በዚሁ በእኛ በኩል ነው። አባታችን የአሰብ መስመር ሹፌር ነበሩ። ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ግድም ከፍታ ካላት ከአቃቂ ሌሊት ሲነሡ ካፖርት ደርበው ነው። አዋሽን አልፈው ሚሌ ሲደርሱ ግን ካፖርቱ ከወንበር ጀርባ ይጣልና ሽርጥ ይታጠቃሉ። «ልብስ የሚመረጠው በመድረሻው እንጂ በመነሻው አይደለም» ይሉን ነበር።

ስለ ባሕርም ያወሩልን እንደ ሞቀ ውኃ አድርገው ነው። አልተሳሳቱም። የደቡብ ቀይ ባሕር ገጽ በሐምሌና በነሐሴ ከ30 ዲግሪ ያልፋል፤ በቀዝቃዛው ወራት እንኳ ወደ 25 ዲግሪ ግድም ነው። እንዲህ ባለ ውኃ ውስጥ ሰው ምን ሊለብስ ይችላል? በእኛ ቤት ባሕርና ሙቀት አንድ ነገር ሆነው ኖሩ።

የታላቅ እህቴ ልጅ ሳን ፍራንሲስኮ አጠገብ መኖር ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። እዚያ ሰርፊንግ ይሉታል፣ ሰሌዳ ላይ ቆሞ ማዕበል መጋለብ ለመደ። እናቱ በታኅሣሥ ባሕር እንደሚገባ ስትሰማ አልደነገጠችም፤ የደነገጠችው ውኃው 12 ዲግሪ መሆኑን ሲነግራት ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚያስብለው የአቃቂ ማለዳ ማለት እኮ ነው! የዚያ አገር ባሕር ከሰሜን በሚወርድ ቀዝቃዛ ሞገድ የሚታጠብ ነው፤ በዚያ ላይ ነፋሱ የላዩን ውኃ ወደ መሐል ሲገፋው የጥልቁ ብርድ ወደ ላይ ይወጣል።

የባሰው ነገር ሌላ ነበር። ልጁ ዌትሱት የሚባለውን የላስቲክ ልብስ ሲገዛ ያገለገለና ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ መርጧል፤ ርካሽ ነዋ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጣቶቹ ደንዝዘው ሰሌዳውን መያዝ አቃታቸው። ቁጠባው ለማን እንደሆነ ለእህቴ የሚነግራት አላስፈለጋትም። በየወሩ ቃሊቲ የሚደርሰውን ገንዘብ የምትቀበለው እርሷ ናት።

ነገሩን ያስረዳኋት በጋቢ ነው። ጋቢ የሚያሞቀው በድርና በማጉ መካከል አየር ስለሚይዝ ነው። ሲርስ አየሩ ይወጣል፤ ውኃ ደግሞ የሰውነትን ሙቀት ከአየር ሃያ አምስት ጊዜ ያህል ፈጥኖ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ1952 ገደማ ሂዩ ብራድነር የተባለ የበርክሊ የፊዚክስ ሊቅ መላ ያገኘው ለዚህ ነው። ኒዮፕሪን የተባለው ላስቲክ በውስጡ የታሸጉ ጥቃቅን የጋዝ አረፋዎች ስላሉት ቢርስም ሙቀቱ አያመልጥም። ውኃው እንጂ አረፋው የሚያሞቅ አይምሰላችሁ የሚሉ አሉ፤ ዋናው ሥራ ግን የአረፋው ነው።

እንግዲህ ምርጫው ከውኃው ዲግሪ ይነሣል። ከ24 በላይ ከሆነ ተራ የዋና ልብስ ይበቃል። ከ15 እስከ 18 ሲሆን ደረቱ ላይ 3፣ እጅና እግሩ ላይ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ይለበሳል፤ እጅ የሚሳሳው እንደ ልብ እንዲቀዝፍ ነው። ከ11 እስከ 15 ከሆነ 4 በ3 ያስፈልጋል፤ ከ10 በታች ከወረደ ደግሞ 5 በ4፣ ከነቆቡ፣ ከነጓንቱና ከነጫማው።

እህቴ ይህን ሁሉ ሰምታ ስልኩን አነሣች።

«የዚህን ወር እንዳትልክ። 4 በ3 ግዛበት።»

«እማዬ፣ አንቺስ?»

«እኔ ደረቅ መሬት ላይ ነኝ።»

ቀጥላም በልጅነቱ የትምህርት ቤት ልብስ ስታሰፋለት እንደኖረችው፣ ትንሽ ሰፋ ያለውን እንዲመርጥ መከረችው። ይህን እንኳ አልተቀበላትም። የባሕሩ ልብስ አንገት፣ ወገብና ብብት ላይ ልክክ ካላለ ቀዝቃዛው ውኃ ይገባል፣ የሞቀው ይወጣል፤ ውፍረቱም ከንቱ ይሆናል።

«ታዲያ መቼ ሊያድግበት ነው?» አለችኝ ስልኩን ዘግታ። ልጁ ሠላሳ ዓመት አልፎታል።

በዚያው ሰሞን በመንገደኛ ጋቢ ላከችለት። ከውኃው ወጥቶ፣ ላስቲኩን አውልቆ፣ ገላውን ሲያደርቅ አሸዋው ላይ የሚከናነበው እርሱን ነው።