ሌሎቹስ የታሉ?

ጋዜጠኝነት ተመርቆ ቋሚ ሥራ የሌለው ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ይሞነጫጭራል፣ ወይ «ዘጋቢ ፊልም እየሠራሁ ነው» ይላል። እኔ ሁለቱንም ነኝ። ሙንጭርጭሩን ለምዳችሁታል። የፊልሙን ጉድ ደግሞ ዛሬ ልንገራችሁ።

ነገሩ የጀመረው ኮተቤ፣ አጎቴ ቤት ነው። ቁም ሣጥኑ አናት ላይ፣ ከተበላሸ ትራንዚስተር ሬዲዮ ጎን፣ ቡናማ የቆዳ ማኅደር ውስጥ የተኛ ዜኒት ኢ ካሜራ አለ። ጋሼ በደርግ ጊዜ ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ከተላኩት በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች አንዱ ነበሩ። ኪየቭ ተምረው ሲመለሱ ዲፕሎማቸውንና ይህን ካሜራ ይዘው መጡ። ፊቱ ላይ አምስቱ የኦሎምፒክ ቀለበቶች አሉበት፤ ለ1972 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1980) የሞስኮ ኦሎምፒክ መታሰቢያ ከተሠሩት ነው። ምሩጽ ይፍጠር በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ ያጠለቀበት ኦሎምፒክ! ስለዚህ ጋሼን ስለ ካሜራው ብትጠይቋቸው የሚያወሩላችሁ ስለ ምሩጽ ነው።

እኔ የፈለግኩት ግን ካሜራውን ሳይሆን አፍንጫውን ነበር። ሄሊዮስ 44-2 ይባላል፤ 58 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነው፣ የብርሃን ቀዳዳው እስከ ኤፍ 2 ይከፈታል። ሶቪየቶቹ የጀርመኑን የካርል ዛይስ ቢዮታር ንድፍ ወስደው ነው በገፍ ያመረቱት። ስንት ዘመን የሰው ቁም ሣጥን ሲያሞቅ ኖሮ፣ ዲጂታል የፊልም ካሜራ ሲመጣ እንደገና ተፈላጊ ሆነ። ለምን ብትሉ፣ ዘመናዊ ሌንስ ሁሉን ነገር ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። በዲጂታል ካሜራ ላይ ቁልጭ ማለቱ ይበዛና የሰው ፊት የባንክ ማስታወቂያ ይመስላል። ሄሊዮስ ግን ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመጣበት ይደነግጣል፣ ምስሉ ላይ የወተት ጭጋግ ይረጫል። ከሰውየው ኋላ ያለውን ቅጠል ደግሞ እንደ እንዝርት ያሾረዋል።

ይቺ ልጅ ከየት አመጣችው እንዳትሉኝ። ስታንሊ ኩብሪክ እ.ኤ.አ. በ1975 ለወጣው «ባሪ ሊንደን»፣ ዛይስ ለናሳ የሠራውን የፎቶ ሌንስ በፊልም ካሜራ ላይ አስገጥሞ በሻማ ብርሃን ቀርጿል። በቅርቡም፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው በሁለተኛው «ዱን» ላይ ግሬግ ፍሬዘር ከተጠቀመባቸው መካከል፣ አይረንግላስ የተባለ የዩክሬን ድርጅት አዲስ አካል ያለበሳቸው የሶቪየት ፎቶ ሌንሶች አሉበት። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው «ዩክሬን?» ብለው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ስለ ምሩጽ አወሩኝ።

ካሜራው የጓደኛዬ ነው፤ ብላክማጂክ ፖኬት ሲክስ ኬ። ሌንሱ በጥርስ የሚጠመዘዝ ባለ 42 ሚሊ ሜትር ነው፣ የካሜራው አፍ ግን የካኖን ነው። ደግነቱ የድሮው ሌንስ ከፊልሙ ፊት እንዲቀመጥ የሚፈልገው ርቀት ከካኖኑ በአንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ግድም ይበልጣል። በዚያች ክፍተት ስስ ቀለበት ትገባለች፤ አለቀ። (ካሜራችሁ ኒኮን ዲ ኤስ ኤል አር ከሆነ አትድከሙ፤ ርቀቱ አይበቃም፣ ሩቁን ነገር ፎከስ ማድረግ አትችሉም።) የከበደው ሌላ ነበር። ቅባቱ ደርቆ ሌንሱ አልዞር ብሏል፣ ውስጡም የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ አብቅሏል። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. እስኪፈርስ ድረስ እዚያ ይሠሩ የነበሩ አንድ ካሜራ ጠጋኝ ሽማግሌ አፈላልገን፣ በሁለተኛው ሳምንት እንደ ቅቤ የሚዞር ሌንስ ተረከብን። ሂሳቡን አልነግራችሁም፤ እናቴ ታነበዋለች።

ፊልሙ ስለ እንጦጦ እንጨት ተሸካሚዎች ነው። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ እንጦጦ ሲባል ለእኛ ለወጣቶቹ የሚታወሰን ማኪያቶና ፎቶ ነው። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ባለው ቁልቁለት ጧት ብትወጡ ግን፣ ሯጮቹ ሽቅብ ሲወጡ እናቶች ከራሳቸው ቁመት የሚረዝም የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው፣ ወገባቸው ለሁለት ታጥፎ ቁልቁል ሲወርዱ ታገኟቸዋላችሁ። አንዲት እናት ሊቀረጹ ፈቀዱልን። ስማቸውን አልጽፍም፣ እማማ እላቸዋለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ቀረጻ፣ ምን ልበላችሁ፣ አሳበደን። በርግጥ የካሜራው ሴንሰር ሱፐር 35 ስለሆነ የምስሉን ዳር ዳር ይቆርጠዋል፤ 58ቱ እንደ 90 ሆኖ ይጠባል፣ ሽክርክሪቱ ደግሞ የሚደምቀው ዳር ላይ ነበር። የእንጦጦ ፀሐይም እስከ 2 ለተከፈተ ቀዳዳ አትቻልም፤ ሌንሱን እየዞረ የሚጠቁር ፊልተር፣ ማለትም የፀሐይ መነጽር አደረግንለት። ሆኖም እማማ ሸክማቸውን ድንጋይ ላይ አስደግፈው ሲያርፉ ከሁለት ሜትር ርቀት ስንቀርጻቸው፣ የፊታቸው መስመር ሁሉ ወርቅ ለብሶ፣ ከኋላቸው ያለው ዓለም ቀልጦ አረንጓዴ ማር ሆነ። ጓደኛዬ «ይሄ እኮ ሲኒማ ነው!» እያለ ዘለለ። እኔም ዘለልኩ።

እማማ ግን አልዘለሉም። በካሜራዋ ትንሽ ስክሪን አሳየኋቸው። ጠጋ ብለው አዩ፣ ራቅ ብለው አዩ።

«እኔስ እኔ ነኝ። ሌሎቹስ የታሉ?»

«የትኞቹ እማማ?»

«ከኋላዬ የነበሩት ነዋ! ብቻዬን ነው እንዴ የወረድኩት?»

እውነታቸውን ነው፣ ስድስት ሴቶች ከኋላቸው ተቀምጠው ነበር። በእኛ ምስል ላይ ስድስቱም ማር ውስጥ ሰምጠዋል። ነገሩ ለእማማ የውበት ጉዳይ አልነበረም። ብቻዋን የወረደች ሴት መንገድ ላይ ምን እንደሚጠብቃት፣ ማን እንጨቷን እንደሚነጥቃት፣ ማን ከዚያም የከፋ እንደሚያደርጋት ቀስ ብለው ነገሩኝ። ለዚህ ነው ተጠራርተው የሚወጡት፣ ተጠባብቀው የሚወርዱት። አንዷ ስትደክም ሁሉም ያርፋሉ። እኔ ደግሞ «የእንጦጦ እናቶች ኑሮ» ብዬ የተነሳሁት ሴትዮ፣ የኑሯቸውን ዋናውን ነገር በአርባ ዓመት አሮጌ መስታወት አቅልጬ «ሲኒማ» አልኩት። አራት ዓመት ሙሉ «ማን፣ ምን፣ የት» ሲያስተምሩኝ የከረሙት መምህሮቼ ቢያዩኝ ዲግሪውን ይመልሱት ነበር።

ያን ማታ ምስሉን ለጋሼ አሳየኋቸው። መጀመሪያ «ተበላሸ እንዴ ሌንሱ?» አሉ። ቀጥለው ተነስተው አንድ አልበም አመጡ። በዚያው ሌንስ ያነሱት ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው፤ ኪየቭ፣ በረዶ ላይ፣ ተማሪዎች ማደሪያ ፊት ለፊት በሁለት ረድፍ የቆሙ አሥራ አንድ ኢትዮጵያውያን። የሁሉም ፊት ይታያል። ከኋላው ረድፍ ከግራ ሦስተኛው፣ ካፖርቱ የሰፋው ልጅ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«ይሄ እዚያው ታሞ ሞተ። ሌላ ፎቶ የለውም። እናቱ ይሄንኑ አሳጥበው፣ እሱን ብቻ አስቆርጠው ነው ግድግዳ ላይ የሰቀሉት።»

«በስንት አነሱት ጋሼ?»

«በ8 ነዋ! ብርሃን እያለ ማን በ2 ያነሳል? 2 ለጨለማ ነው።»

ወደ ክፍሌ ገብቼ ሌንሱን እያገላበጥኩ ቆየሁ። ሄሊዮስ 44-2 ሁለት የቀዳዳ ቀለበት አለው። አንደኛው ወሰን ያበጃል፣ ሁለተኛው እስከዚያ ወሰን ድረስ ይዞራል። የተሠራው ፎቶ አንሺው ከፍቶ ፎከስ አድርጎ፣ ዓይኑን ሳያነሳ ወደ ወሰኑ እንዲዘጋው ነው። ታዲያ ሁለተኛው ቀለበት ቀጭ ቀጭ አይልም፤ ዝም ብሎ ይንሸራተታል። ለፎቶ ይህ ተራ ነገር ነው። ለፊልም ግን እየቀረጻችሁ ከ2 ወደ 8 መሄድ ትችላላችሁ ማለት ነው። ችግሩ ከ2 ወደ 8 ሲዘጋ ብርሃኑ በአሥራ ስድስት እጥፍ ይቀንሳል፣ ምስሉ ይጨልማል። ስለዚህ እኔ ቀለበቱን ስዘጋ፣ ጓደኛዬ በዚያው ፍጥነት ፊልተሩን ማንጣት አለበት። ሁለት ሰው፣ አራት እጅ፣ የቡጢ ያህል ሌንስ።

በሳምንቱ ተመለስን። እማማ ያንኑ ድንጋይ ተደገፉ፣ ሌሎቹም ከኋላ አረፉ። የመጀመሪያው ሙከራ ጓደኛዬ ፊልተሩን በተቃራኒው አዙሮት እንጦጦ በቀን ጨለመ። ሁለተኛው ላይ እጆቻችን ተጋጩ፣ ምስሉ ዘለለ፣ ሴቶቹ ሳቁብን። ሦስተኛው ላይ ተሳካ። እማማ ብቻቸውን ማር ውስጥ ናቸው፤ ማሩ ቀስ እያለ ይጠራል፤ መጀመሪያ የጭራሮው ጫፎች፣ ከዚያ ትከሻዎች፣ ከዚያ ነጠላዎች፣ ከዚያ አጥሩ፣ ከዚያ ወደ እኛ የሚያዩ ስድስት ሴቶች። ሃያ ሰከንድ አይሞላም። መጨረሻው ላይ የእማማ ፊት እንደ መጀመሪያው አያበራም፤ ወርቁ ሄዷል። ጓደኛዬ እስካሁን በዚያ ወርቅ ይቆጫል፤ እኔም አንዳንዴ፣ ለምን እዋሻለሁ።

ስክሪኑን ይዤ እማማ አጠገብ ቁጢጥ አልኩ። ሌሎቹም ተሰበሰቡ። እማማ በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩ፤ «ይቺ እሷ ናት። ይቺ ጉልበቴን ስትል የነበረችው። ይቺ የልጇን ሠርግ የደገሰችው።» ስድስተኛዋ ላይ ሲደርሱ ባለቤቷ ከኋላዬ «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ!» አለች።

ከዚያ ፀሐይ ከረር አለች፣ መሄድ አለባቸው። እማማ ገመዱን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው «በይ ልጄ፣ ያንን አስቀምጪና ነይ አሸክሚኝ» አሉኝ። ካሜራውን ለጓደኛዬ ሰጥቼ ጭራሮውን ከሥር ያዝኩት። በአንድ ጊዜ አልተነሳልኝም።